ከእሳቱ በታች ያለው ወጪ፦ በእንጅባራ አንድ ጓሮ የተሠራ የጡብ ፎርኖ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2013 ዓ.ም. በጋ በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ጓሮ ስለተሠራ በእንጨት የሚነድ የጡብ ፎርኖ ወጪና ማቴሪያል የሚያትት ነው። የግቢው ባለቤት ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ እናት ሲሆኑ፣ ለዓመታት ለጎረቤትና ለማኅበር ድፎ ዳቦ በትዕዛዝ ሲጋግሩ ቆይተዋል። ፎርኖው ፒዛም እንዲጋገርበት ሐሳብ ያመጣችው ባሕር ዳር በሆቴል ወጥ ቤት የሠራችው ልጃቸው ናት። ሁለቱም ሲነሡ የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣው፣ ከፍተኛ ሙቀት እንዲችል ተብሎ የሚሠራው የእሳት ጡብ ዋጋ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የወጪ ደብተሩ ሲታይ ግን ገንዘቡን የበላው ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ በግንባታ ሙያ የምተዳደር በመሆኔ ከሥራው በፊት ንድፉን፣ ከሥራው በኋላ ደግሞ ደብተሩን እንዳይ ተጋብዣለሁ።

የብር አኃዞቹን እንዳሉ መዘርዘር ለአንባቢ የሚጠቅም አይመስለኝም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከወር ወር የሚለዋወጥ በመሆኑ የዚያ ዓመት ሂሳብ ለዛሬ አይሆንም። ስለዚህ ማቴሪያሉን በብዛቱ፣ ወጪውን ደግሞ ከመቶ በሚደርሰው ድርሻ አቅርቤዋለሁ። ከጠቅላላው ወጪ መሠረቱ፣ መቆሚያውና በላዩ የሚዘረጋው ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ ማለትም ሶሌታው፣ 31 በመቶ፣ የግንበኛውና የረዳቱ ክፍያ 21 በመቶ፣ የእሳት ጡቡ ከነማጓጓዣው 18 በመቶ፣ የጉልላቱ ቀይ ጡብና ጭቃ 12 በመቶ፣ በሩና ጭስ ማውጫው 8 በመቶ፣ ከላይ የተሠራው ዳስ 6 በመቶ፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከለክለው ንጣፍና ልባስ ደግሞ 4 በመቶ ወስደዋል። እሳት ፈጽሞ የማይነካው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ሲወስድ፣ የፎርኖውን ጠባይ የሚወስነው ክፍል ከሁሉ ያነሰ መውሰዱ የዚህ ጉዳይ ዋና ነጥብ ነው።

የፎርኖው የውስጥ ስፋት 1 ሜትር፣ የጉልላቱ የውስጥ ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር፣ የአፉ ከፍታ 28 ሳንቲ ሜትር ነው። የአፉ ልክ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። የፎርኖ ሠሪዎች የቆየ ልምድ አፉን ከጉልላቱ ከፍታ 63 በመቶ ገደማ ያደርገዋል፤ ከዚህ ከፍ ካለ ሙቀቱ እየፈሰሰ ይወጣል፣ ከዚህ ዝቅ ካለ ደግሞ እሳቱ አየር አጥቶ ይጨሳል። ግንበኛው በበኩሉ ድስትና ትልቅ መጋገሪያ እንዲገባ በማሰብ አፉን ከፍ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ልጅቱ ግን በልኩ ጸናች። የጡቡ ውፍረትና የውጪው ልባስ ሲጨመርበት መቆሚያው 1.6 ሜትር ወርድና 1.8 ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ግድ ሆኗል።

ወደ መሠረቱ እንሂድ። የእንጅባራ አፈር በአብዛኛው ቀይ ስለሆነ እንደ ምሥራቅ ጎጃም ጥቁር ዋልካ በክረምት እያበጠ በበጋ አይሰነጠቅም፤ በዚህ ረገድ ባለቤቷ ዕድለኛ ናቸው። ይህ ፎርኖ ቢቸና ወይም ሞጣ አካባቢ በዋልካ ላይ ቢሠራ ኖሮ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣትና በገረጋንቲ፣ ማለትም በጠጠራማ የሙሌት አፈር፣ መተካት ያስፈልግ ስለነበር የመሠረቱ ድርሻ ከዚህም ይጨምር ነበር። እዚህ ግን ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ በጥቁር ድንጋይ ተሞልቷል። ከሶሌታው ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ክብደት ብቻ ከአንድ ቶን ተኩል ስለሚበልጥ በተደለደለ መሬት ላይ በቀጥታ እንሥራው የሚለው የረዳቱ አስተያየት ውድቅ መደረጉ ትክክል ነበር።

ከመሠረቱ በላይ ያለው መቆሚያ በሦስት ጎን የታጠረ፣ ከፊት ለፊቱ የማገዶ ማስቀመጫ የተተወለት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። ድንጋዩ ከአጥር ሥራ ተርፎ በግቢው ተከምሮ የነበረ በመሆኑ በደብተሩ ላይ ዋጋ አልተጻፈበትም፤ ባለቤቷም በነፃ እንደተገኘ ቆጥረውታል። ሆኖም የድንጋይ ግንብ 40 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፣ በድንጋዮቹ መካከልም ከግንቡ ሲሶ የሚሆን ክፍተት ይኖራል፤ ያ ክፍተት የሚሞላው በሲሚንቶና በአሸዋ ነው። መሠረቱን ጨምሮ 2.7 ሜትር ኩብ ለሚሆን ግንብ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ሲቦካ ከሦስት ኩንታል በላይ ሲሚንቶ ገብቷል። ከመሬት በላይ ያለው በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ቢሠራ 50 ያህል ብሎኬት በቂ ነበር። የብሎኬቱ ዋጋ ከሚተርፈው ሲሚንቶ ጋር ይቻቻል ይሆናል፤ ትርፉ የሚገኘው ከግንበኛው ቀን ነበር፤ ድንጋይ እየተጠረበ፣ እየተመረጠና በቱንቢ እየተስተካከለ ሲቆም ቀኑ ይነጉዳልና። ማየት ለሚወድ ሰው ግን የጥቁር ድንጋይ ግንቡ ያማረ መሆኑን አልክድም።

ሶሌታው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን አንድ ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ወስዷል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ተዘርግቶበታል፤ ለዚህም አራት ቤርጋ (ሳይቆረጥ የሚሸጥ ሙሉ ዘንግ) በቅቷል። የኮንክሪቱ መደገፊያ ከአካባቢው ቀርከሃ ተሠርቷል። በአገው ምድር ቀርከሃ እንደ ልብ ስለሚገኝ ለሙራሌና ለጣውላ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ቀርቷል፤ ያው ቀርከሃ በኋላ ለጉልላቱ ቅርጽም፣ ለዳሱ ዓምድም አገልግሏል። ሶሌታው ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ሲጠጣ ከቆየ በኋላ ክርክሩ የተነሣበት ሥራ ተጀመረ።

ግንበኛው የእሳት ጡቡን በቀጥታ በሶሌታው ላይ ሊያነጥፍ ነበር። «እትዬ፣ ሶሌታው እኮ ድንጋይ ማለት ነው፤ እሳት ምን ያደርገዋል?» አለ። ባለቤቷ የመለሱለት በአጭሩ ነበር፤ «አያ፣ እኔ ምጣዴን ጉልቻ ላይ እንጂ መሬት ላይ አልጥደውም።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከምሕንድስና መጽሐፍ አይገኝም። ኮንክሪት ሙቀትን ይጠጣል። የእሳት ጡቡ በላዩ በቀጥታ ቢነጠፍ ከማገዶው የሚገኘው ሙቀት ሳያቋርጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጉልላቱ ሲግል ወለሉ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል፣ የፒዛውም ፊት ሲያርር ሥሩ ሊጥ ይሆናል። ከዚህም በላይ ተራ ሲሚንቶ ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በተደጋጋሚ ሲግል ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል።

መከላከያውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ከጣና ደቡብ እስከ እንጅባራ ያለው መሬት የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ከከተማው ብዙም የማይርቀው የዘንገና ሐይቅም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። በአካባቢው ለመንገድ ሥራ የሚቆፈረው ቀይ፣ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር በፈረስ ጋሪ ተጭኖ መጣ። ዱቄቱ በወንፊት ተለይቶ ተጣለ፤ ምክንያቱም ሙቀትን የሚያግደው በቀዳዳዎቹ የታሰረው አየር ሲሆን ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከባቄላ እስከ ለውዝ የሚያክለው ጠጠር፣ ስምንት እጁ በአንድ እጅ ሲሚንቶ እርጥበት ብቻ እንዲይዝ ተለውሶ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ ተዘረጋ። የጠጠሩ ዋጋ ከጋሪው ኪራይ ብዙም አልበለጠም።

የእሳት ጡቡ ቤተሰቡን እንቅልፍ የነሣው ዕቃ ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ፎርኖውን በሙሉ በእሳት ጡብ ለመሥራት ሲሆን፣ በዚያ ስሌት የጡቡ ወጪ ብቻውን አሁን ለሁሉም ነገር የወጣውን ሊያክል ይችል ነበር። ሆኖም በእንጨት የሚነድ የጓሮ ፎርኖ የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን አይደለም። ጉልላቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ቢግል ነው፤ ቀይ ጡብ ራሱ ሲሠራ ከ900 ዲግሪ በላይ የተቃጠለ ስለሆነ ይህን ሙቀት ይችላል። የሚጎዳው በፍጥነት መጋልና መቀዝቀዝ፣ እንዲሁም የማገዶና የአካፋ ግጭት ነው፤ ሁለቱም የሚበረቱት በወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ የእሳት ጡቡ ለወለሉና ለአፉ ደፍ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አንዱ ጡብ 23 በ11.4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 1 ሜትር ስፋት ላለው ክብ 30 ያህል ይበቃል፤ ለደፉና ለክቡ ዳር ሲቆረጥ ለሚባክነው ተጨምሮ 40 ተገዝቷል። ክብደቱ 140 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ድንች ጭኖ አዲስ አበባ የወረደ አይሱዙ ሲመለስ 450 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በቅናሽ አምጥቶታል። ለብቻው መኪና ተከራይቶ የሚያመጣ ሰው የኔን የ18 በመቶ ስሌት ይርሳው።

ጡቦቹ በወለሉ ላይ የተነጠፉት ያለ ማጣበቂያ ነው፤ ከሥራቸው የተነፋ አሸዋና የሸክላ አፈር በስሱ ተበትኖ፣ በውሃ ልክ እየተስተካከሉ ጎን ለጎን ገጥመው ተቀምጠዋል። አንዱ ቢሰነጠቅ ነቅሎ መቀየር እንዲቻል ነው። የአቀማመጣቸውም አቅጣጫ ከአፉ አንጻር ሰያፍ መደረጉ የአካፋው ጠርዝ በመገጣጠሚያ እንዳይያዝ ይረዳል።

ለጉልላቱ የሚሆነው ቀይ ጡብ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ጡብ መሆን ነበረበት። ቀዳዳ ያለው ጡብ ለሁለት ሲከፈል ይፈርሳል፣ ሙቀትም አያጠራቅም። ሁለት ጡብ ሲጋጭ እንደ ብረት የሚጮኸው በደንብ የተቃጠለ ነው፤ ደንቆሮ ድምፅ የሚሰጠው ወደ ጎን ተደርጓል። የብዛቱ ስሌት አስቸጋሪ አልነበረም። እያንዳንዱ 25 በ12 በ6 የሆነው ጡብ ለሁለት ተቆርጦ ጫፉ ወደ እሳት ይዞራል፤ አንዱ ግማሽ ከነጭቃው 90 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የጉልላቱ ገጽ ከነጡቡ ውፍረት ሲሰላ ወደ 2 ካሬ ሜትር ስለሚጠጋ 220 ግማሽ፣ ማለትም 110 ሙሉ ጡብ ያስፈልጋል። ለአፉ ቅስትና ለጭስ መውጫው 30፣ ለስብራት ደግሞ 25 ተጨምሮ 165 ተገዛ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የጭቃው ነገር ነው። በእሳት አጠገብ ተራ ሲሚንቶ እንደማይሆን ከተስማማን በኋላ ምን ይተካዋል የሚለውን የመለሱት አንዲት ሸክላ ሠሪ ናቸው። ምጣድና ጀበና የሚሠሩት እኚህ እናት የሚጠቀሙበት አፈር እሳት የለመደ ነው፤ አፈሩ ብቻውን ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ስለሚያውቁም የተሰበረ ሸክላ ወቅጠው ገሉን ይቀላቅሉበታል። ይህ የተፈጨ ገል ቀድሞ የተቃጠለ በመሆኑ አይጨማደድም፤ የጭቃውንም መጨማደድ ይገታል። በእሳቸው ምክር አንድ እጅ ሸክላ አፈር፣ አንድ እጅ የተፈጨ ገልና አንድ እጅ ተኩል የተነፋ አሸዋ ተቀላቅሎ ለሦስት ቀን ከነውሃው ተኛ። መብሰሉን ያዩት በእጃቸው ድቡልቡል አድርገው ከወገባቸው ከፍታ በመጣል ነው። ድቡልቡሉ ሲፈረካከስ «አሸዋው በዝቷል» አሉ፤ እንደ ሊጥ ሲንጣለል «ገና አልጠገበም» ብለው አሸዋ አስጨመሩ፤ በመጨረሻ ዳሩ ብቻ ትንሽ ተሰንጥቆ ቅርጹን እንደያዘ ሲቀመጥ እጃቸውን አጠቡ። ለአንድ ማዳበሪያ ገልና ለአፈሩ የተከፈላቸው በደብተሩ ላይ ከምስማር ዋጋ በታች ተጽፏል፤ ለእውቀታቸው የተከፈለ ነገር የለም። ይህን ለባለቤቷም ነግሬያቸዋለሁ።

ጉልላቱ የተገነባው በቀርከሃ ስንጥቅ ተጠልፎ፣ በላዩ እርጥብ አሸዋ ተለብዶ በተሠራ ቅርጽ ላይ ነው። ጡቦቹ በውስጥ በኩል እየተነካኩ፣ በውጭ በኩል ደግሞ ጭቃው እንደ ሽብልቅ እየሰፋ ረድፍ በረድፍ ተደረደሩ። የየረድፉ መገጣጠሚያ ከሥሩ ካለው ጋር በአንድ መስመር እንዳይውል ግንበኛው ያደረገው ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው። የመጨረሻው መቆለፊያ ጡብ በግራይንደር ተስተካክሎ በእንጨት መዶሻ ከተመታ በኋላ አሸዋው በአፉ በኩል ተጭሮ ወጣ፤ የቀርከሃው ስንጥቅ ግን እዚያው ቀርቶ በመጀመሪያው እሳት ተቃጠለ። ከውጭ በኩል በቀጭን ጭቃ የተለወሰ የጤፍ ጭድና ቀይ ጠጠር በ12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለብሶ፣ በላዩ በኖራና በአሸዋ ተለስኗል። ለጡቡ የቀረበው ጭድ ከጊዜ በኋላ ከስሎ ይጠፋል፤ የሚተወው ባዶ ቦታ ግን ሙቀት ማገዱን ይቀጥላል።

በሩን የሠራው የሰፈር ብየዳ ቤት ነው። ሁለት ላሜራ ተጋጥሞ በመካከሉ ጠጠር ተሞልቶበታል፤ ከብዷል፣ ነገር ግን እጅ አያቃጥልም። የጭስ ማውጫው 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር የብረት ቱቦ ነው። 1 ሜትር ስፋት ላለው ፎርኖ ብዙውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል የሚባል ቢሆንም፣ እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጭሱም የሚጎተተው በዚያው ልክ በድካም ስለሆነ ሰፋ ማድረጉ ጠቅሟል። ብየዳ ቤቱ በቅናሽ ያቀረበው ዚንክ የተቀባ ቱቦ ግን ተቀባይነት አላገኘም፤ ዚንክ በከፍተኛ ሙቀት የሚያወጣው ጭስ ለሰው ጤና አደገኛ ነው፣ ምግብ በሚበስልበት ቦታም ሊታሰብ አይገባም።

ሥራው መጋቢት መጨረሻ ላይ ሲያልቅ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለነበር ባለቤቷ ለበዓሉ ዳቦ ሊደፉበት ቸኮሉ። እርጥብ ፎርኖን በአንድ ጊዜ ማጋል ማለት በጡቡና በጭቃው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ እንፋሎት ለውጦ ጉልላቱን ከውስጥ እንዲሰነጥቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ትንሽ እሳት እየተነደደ፣ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል ተደረገ። በአራተኛው ቀን ከአፉ ቅስት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ታየ። ግንበኛው ደነገጠ፤ ልጅቱ ስልኳን አንሥታ ደወለችልኝ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በጡብ ጉልላት የተለመደ ነው፤ ጡቡ ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ የሚከፈትበትንም ቦታ ራሱ ይመርጣል። በዚያው ጭቃ ተደፍኖ አልፏል።

ማገዶው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዝርያ ነው። በአዊ ገበሬው ለከሰል ብሎ በማሳው የሚተክለው ይህ ዛፍ ቅርንጫፉና ጫፉ ለከሰል ስለማይመረጥ በርካሽ ይገኛል፤ ለፎርኖ የሚፈለገውም ያው ነው፣ ቀጭንና ደረቅ እንጨት ረጅም ነበልባል ይሰጣልና። ፎርኖው ለፒዛ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያህልና ከ12 እስከ 15 ኪሎ ግራም እንጨት ይወስዳል። ምልክቱ በጉልላቱ ውስጥ የተለጠፈው ጥላሸት ተቃጥሎ ጡቡ ሲነጣ ነው። ከዚያ ፍሙ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሊጡ ይገባል፤ ፒዛው በሦስት ደቂቃ ይደርሳል። በናፖሊ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይወጣል ይባላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ሙቀት እዚህ ማንም አልጠየቀም። ከፒዛው በኋላ በሩ ተዘግቶ ሙቀቱ ሲበርድ ድፎው ይደፋል፤ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ፎርኖው ድርቆሽና በርበሬ ለማድረቅ የሚበቃ ሙቀት ይዞ ይገኛል። ይህ የማግሥት ሙቀት ሳያመልጥ የቆየው ለንጣፉና ለልባሱ በወጣው በዚያ 4 በመቶ ነው።

የአዊ ክረምት ዝናብ ብርቱ ስለሆነ ዳሱ ከጌጥ አይቆጠርም። በቀርከሃ ዓምድ ላይ የተዘረጋው ቆርቆሮ በአራቱም ጎን ግማሽ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ የጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ቦታ ቀርከሃ እንዳይጠጋ ተደርጓል። ያም ሆኖ በ2013 ክረምት ነፋስ የነዳውን ዝናብ በምዕራቡ ጎን የኖራ ልስኑ አላስቆመውም፤ ከሥሩ ያለው ጭድ ረጥቦ፣ መስከረም ላይ የመጀመሪያው እሳት ሲነድ በዚያ በኩል እንፋሎት ወጣ። ባለቤቷ ለጥገናው አንድ ከረጢት ኖራ ገዝተው በዚያ ጎን የቀርከሃ መከታ አሠርተዋል፤ በደብተሩ ላይ የመጨረሻው መስመር ይኸው ነው፤ አጠገቡም በእጃቸው «በየዓመቱ» ተብሎ ተጽፏል።